የሊኑክስ መነሻ ስክሪን ሲጠፋ፦ ከመፍትሔዎቹ የትኛው ይቅደም?

ኮምፒውተሩ ይበራል፣ የአምራቹ አርማ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ስክሪን ብቻ ይቀራል። ወይም ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የኡቡንቱ አርማ ይመጣና ከሥሩ ያለው ክብ ማቆሚያ የሌለው መሽከርከር ይጀምራል። አንዳንዴ አርማው ተለጥጦና ተድበስብሶ ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሥዕል የሚባል ነገር ሳይታይ ነጫጭ ጽሑፎች ብቻ ይግተለተላሉ። ሊኑክስን ለዓመታት የተጠቀመ ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳያይ አይቀርም። መፍትሔ ፍለጋ ሲወጣም የሚቸግረው የምክር ብዛት ነው። አንዱ «ኖሞድሴት ጨምር» ይለዋል፣ ሌላው «ድራይቨሩን አጥፍተህ ጫን»፣ ሦስተኛው «ፕላይማውዝን ንቀለው»፣ አራተኛው «ወደ ድሮው ከርነል ተመለስ»፣ ትዕግሥት ያለቀበት ደግሞ «እንደ አዲስ ጫነው»። ሁሉም ምክሮች በየቦታቸው ትክክል ናቸው፤ ቦታቸውን ሲስቱ ግን አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በመጀመሪያ የሚመረጠው ችግሩን የሚያሳየው አማራጭ ነው። ቀጥሎ የሚመረጠው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከረው ነው። ፋይል የሚቀይር፣ ፕሮግራም የሚነቅልና የሚተክል መፍትሔ ሦስተኛ ይመጣል። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚህ ሚዛን ነው።

አንድ ማስታወሻ፦ ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን የምጽፈው በሚነበቡበት ድምፅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ፊደላት፣ በአብዛኛው በትንንሾቹ ነው። ለምሳሌ ኖሞድሴት ያለ ክፍት ቦታ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ ተብሎ ይተየባል።

ስክሪኑ የጠፋው የቱ ጋ ነው?

ሊኑክስ ተነሥቶ እስኪያበቃ ስክሪኑ ባለቤት ይለዋውጣል። መጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር የአምራቹን አርማ ያሳያል። ቀጥሎ ግሩብ የሚባለው አስጀማሪ ይረከባል፤ አንድ ስርዓተ ክወና ብቻ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብዙውን ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ግሩብ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ እንዲሁም ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን ትንሽ የመነሻ ጥቅል ይጭናል። ከርነሉ ሥራ ሲጀምር የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም የማሳያ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ስክሪኑን ይይዛል፣ ፕላይማውዝም በላዩ ላይ አርማውን ይስላል። በመጨረሻ የመግቢያ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ማለትም ጂዲኤም፣ ኤስዲዲኤም ወይም ላይትዲኤም፣ ስክሪኑን ከፕላይማውዝ ይቀበላል።

ብልሽቱ የሚበዛው በርክክቡ ላይ ነው። የአምራቹ አርማ ራሱ ካልታየ ሊኑክስ ገና አልተነካም፤ ኬብል፣ ሞኒተር፣ ራም ወይም ካርድ ይፈተሽ እንጂ የሚቀየር የሊኑክስ ፋይል የለም። ግሩብ ታይቶ ወዲያው ከጨለመ ዋናው ተጠርጣሪ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። አርማው መጥቶ ከቆመ ሥዕሉ ንጹሕ ነው፣ ከጀርባው ግን ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ። አርማው አልፎ የመግቢያ ገጹ ከቀረ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ ጂዲኤምና ወደ ጓደኞቹ ነው።

ይህን ለመለየት አንድም ፋይል ሳይነካ የሚደረጉ ፈተናዎች አሉ። የካፕስ ሎክ ቁልፍን ሲጫኑ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ የጠፋው ማሳያው ብቻ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ሲጫኑ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ የምሥራች ነው፦ ከርነሉም ድራይቨሩም በአመዛኙ ይሠራሉ፣ የቀረው የመግቢያ ገጹ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ክፍሉን አጨልመው በስልክ ባትሪ ስክሪኑን በሰያፍ ያብሩበት። ደብዛዛ ምስል ከታየ ሥዕሉ አለ፣ የጠፋው የኋላ ብርሃኑ ነው፤ ያ ከሆነ ስለ ፕላይማውዝ መጨነቅ ከንቱ ድካም ነው። የኋላ ብርሃን ችግር በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ ኤሲፒአይ_ባክላይት የሚለውን አማራጭ «ቬንደር» ወይም «ኔቲቭ» በሚል ዋጋ እየቀያየሩ በመሞከር ብዙ ጊዜ ይፈታል። ሌላ ሞኒተር የተሰካ እንደሆነም ነቅለው ይሞክሩ፤ ሥዕሉ የሄደው ወደ ጠፋው ሞኒተር ሊሆን ይችላል።

ዲስኩን በይለፍ ቃል የቆለፈ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ። የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው ሣጥን የሚሳለው በፕላይማውዝ ነው። ፕላይማውዝ መሳል ካቃተው ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ የይለፍ ቃል እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። በጨለማው ውስጥ የይለፍ ቃሉን ተይበው ኢንተር ሲመቱ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ምርመራው አልቋል።

ሥዕሉን መጠገን ወይስ ሥዕሉን ማንሣት?

ፕላይማውዝ መጀመሪያ ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት 10ኛ እትም ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ኡቡንቱ በ2010 ከ10.04 እትም ጋር ተቀበለው። ሥራው ውበት ነው፦ ከርነሉ የሚተፋቸውን መልእክቶች ሸፍኖ አርማ ማሳየት። ለመኖሩ ሌላው ምክንያት የዲስክ የይለፍ ቃልን መጠየቁ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ግዴታ የለበትም። ያለ እሱ ሊኑክስ በደንብ ይነሣል። ስለዚህ «ሥዕሉ ተበላሸብኝ» ያለ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ በእኔ ፍርድ ሥዕሉን ማንሣት ሥዕሉን ከመጠገን ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ቢያንስ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ቀላሉ መንገድ አርማው እየታየ ኢስኬፕ መጫን ነው። ፕላይማውዝ ሥዕሉን ገለል አድርጎ መልእክቶቹን ያሳያል። ኢስኬፕ ካልሠራ ወደ ግሩብ መግባት ነው፤ በአሮጌው ባዮስ ሺፍትን ይዞ መቆየት፣ በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ደግሞ የአምራቹ አርማ እንደጠፋ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ መጫን። አንድ ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ደጋግመው ከመቱት ዝርዝሩን አልፎ ወደ ግሩብ የትእዛዝ መስመር ይጥልዎታል። ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያውን መርጠው የ«ኢ»ን ቁልፍ ይጫኑ፣ «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ይፈልጉ፣ መጨረሻው አካባቢ «ክዋየት ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጥፉ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ ወይም ኤፍ10። ይህ ለውጥ የሚጸናው ለዚያች አንድ ማስነሻ ብቻ ነው። ተሳስተው ቢጽፉ እንኳ አጥፍቶ ማብራት ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሳል። የግሩብ ሰሌዳ የአሜሪካን የፊደል አቀማመጥ የሚከተል መሆኑን ብቻ አይርሱ፤ ሌላ አቀማመጥ የለመደ እጅ የእኩል ምልክትና ሰረዝ ፍለጋ ሊንከራተት ይችላል።

ሥዕሉ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታየው አስገራሚ ነገር ይህ ነው፦ ነጫጭ መስመሮች በፍጥነት ይወርዱና አንድ ቦታ ቀጥ ይላሉ። ከታች ቀይ ኮከቦች ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ አንድ ሥራ እየተጀመረ እንደሆነና የአንድ መሣሪያ መለያ ቁጥር እየተጠበቀ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል፤ በስተቀኝ ያለው ሰዓት ሰከንድ እየቆጠረ ወደ 1 ደቂቃ ከ30 ይገሰግሳል። ይህ የማሳያ ችግር አይደለም። ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ የተመዘገበ ዲስክ ተነቅሏል፣ ወይም ፎርማት ተደርጎ መለያው ተቀይሯል፤ የማስነሻ ሥራዎቹን የሚመራው ሲስተምዲ ደግሞ ያ ዲስክ እስኪመጣ 90 ሰከንድ ይጠብቃል። ተጠቃሚው ሥዕሉ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ብቻ እያየ ድራይቨር ሲነቅልና ሲተክል ይውላል። መድኃኒቱ ግን የዚያን ዲስክ መስመር ማረም፣ ወይም አማራጮቹ ላይ «ኖፌይል» መጨመር ነው።

ምርመራው አልቆ ኮምፒውተሩ በደንብ የሚነሣ ከሆነና የቀረው የሥዕሉ መልክ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ መጠገን ወግ ነው። ሦስት ምርጫዎች አሉ። አንደኛው ገጽታውን መቀየር ነው። «ቢጂአርቲ» የሚባለው ገጽታ የአምራቹን አርማ ይዞ ይቀጥላል፤ ርክክቡ ሳይታወቅ እንዲያልፍ የተሠራ ስለሆነ ብልጭ ድርግም ለሚያስጠላቸው ሰዎች ጥሩ ነው። «ዲቴይልስ» የሚባለው ደግሞ ሥዕል የሌለው፣ መልእክቶቹን የሚያሳይ ገጽታ ነው፤ እኔ በአገልጋይ ኮምፒውተሮች ላይ ከዚህ ሌላ አልመርጥም። ሁለተኛው ምርጫ ክዋየት ስፕላሽን ለዘለቄታው ማጥፋት ነው። ሦስተኛው ፕላይማውዝን መንቀል ሲሆን ይህን አልመክርም፤ በአንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሌሎች ጥቅሎችን ይዞ ይወጣል፣ የሚሰጠው ጥቅም ግን ሁለት ቃላት ከማጥፋት አይበልጥም።

በነገራችን ላይ ፈጣን ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ሥዕሉን ጭራሽ ባያሳይ ወይም ለቅጽበት ብቻ ብልጭ ቢያደርገው ምንም አልተበላሸም። ለመሳል ጊዜ ስላላገኘ ነው።

ሥዕሉ ዘግይቶ ወይም ተበላሽቶ ሲመጣ

አርማው በትልልቅ ነጠብጣብ ከተሳለ፣ ወይም ጽሑፍ ብቻ ታይቶ ሊያልቅ ሲል ብቅ ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ፕላይማውዝ ሲነሣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ገና አልደረሰም። እዚህ ላይ ሁለት አማራጭ ይነጻጸራል። ድራይቨሩን በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ አስገብቶ ቀድሞ እንዲነሣ ማድረግ አንዱ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ «ሞጁልስ» የተባለ ፋይል አለ፤ እዚያ ላይ የድራይቨሩ ስም ተጽፎ፣ ለኢንቴል አይ915፣ ለኤኤምዲ ኤኤምዲጂፒዩ፣ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ ይታዘዛል። ፌዶራ ድራከትን፣ አርች ኤምኬኢኒትሲፒዮን ይጠቀማሉ። ሁለተኛው የግሩብን የስክሪን መጠን ጂኤፍኤክስሞድ በሚባለው መስመር ወስኖ ከርነሉ ያንኑ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ይሻላል፤ ምክንያቱም መነሻውን ያክማል። ዋጋው ግን አለ። ኢኒትራምኤፍኤሱ ይተልቃል፣ ቡት የተባለው ክፍልፋይ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሊሞላ ይችላል። የሞላ ቡት ላይ የተጻፈ ኢኒትራምኤፍኤስ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ ጎዶሎ ኢኒትራምኤፍኤስ ደግሞ ጨርሶ አያስነሣም። ለውበት ብሎ የሚነሣ ኮምፒውተር ማጣት ኪሳራ ነውና አስቀድመው ዲኤፍ -ኤች ብለው ቦታውን ይመልከቱ።

ኖሞድሴት፣ የድሮ ከርነል፣ የማገገሚያ ሁነታ

ግሩብ ታይቶ ሁሉም ነገር ከጨለመ ወደ እነዚህ ሦስቱ እንመጣለን። ሰው ሁሉ የሚዘልለው ወደ ኖሞድሴት ነው፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እለውጠዋለሁ።

ጥያቄው «ትናንት ይሠራ ነበር ወይ?» ነው። ትናንት ሠርቶ ዛሬ ከእድሳት በኋላ ከጨለመ የድሮው ከርነል ይቅደም። ግሩብ ላይ «ተጨማሪ አማራጮች» የሚለውን ሲከፍቱ ከአዲሱ በታች የቀድሞው ከርነል ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ፌዶራ በራሱ ልማድ 3 ከርነሎችን ያቆያል። በድሮው ከተነሣ ችግሩ በአዲሱ ከርነል፣ ወይም ለአዲሱ ከርነል ባልተዘጋጀ ድራይቨር ላይ መሆኑ ታወቀ። አንድም ነገር አልተቀየረም፣ ግራፊክሱም በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ ባለቤቱም የዕለት ሥራውን እየሠራ መፍትሔውን ረጋ ብሎ ይፈልጋል። ከሦስቱ ይህን የሚያህል ምቾት ያለው የለም።

ኮምፒውተሩ ገና አዲስ ከሆነ፣ ወይም ሊኑክስ ሲጫን ጀምሮ ጨለማ ከሆነ የድሮ ከርነል የለም፤ ኖሞድሴት ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከርነል 2.6.29 ለኢንቴል ካርዶች የስክሪንን መጠንና ሁነታ የመወሰን ሥራን ወደ ከርነሉ ውስጥ አስገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ኖሞድሴት ለከርነሉ የሚነግረው «ይህን ሥራ ተወው፣ ፈርምዌሩ በተወልህ ስክሪን ላይ ጻፍ» ነው። በዚያ ምክንያት የታመመው ድራይቨር ሥራ አይጀምርም፣ ስክሪኑም ይታያል። ነገር ግን የስክሪኑ መጠን ፈርምዌሩ በሰጠው ላይ ይቆለፋል፣ ሁለተኛ ሞኒተር አይሠራም፣ የብርሃን መጠን መቀነሻው ዝም ይላል፣ ላፕቶፑን ማስተኛት አያስተማምንም፣ ምስልም ሁሉ በፕሮሰሰሩ ስለሚሳል ማራገቢያው ያጉረመርማል። በብዙ ቤት ኖሞድሴት ተጽፎበት ለዓመታት የተረሳ ኮምፒውተር አለ፤ ባለቤቱም «ሊኑክስ ያዘግማል» እያለ ያማርራል። ኖሞድሴት ወደ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ ወደሚተየብበት የጽሑፍ ሰሌዳ፣ መግቢያ መሰላል ነው፤ ድራይቨሩ ከተስተካከለ በኋላ ከመስመሩ ላይ ይነሣል።

የማገገሚያ ሁነታው ሦስተኛ ነው። የኡቡንቱ የማገገሚያ ሁነታ በራሱ ኖሞድሴትን ይጨምራል፤ ከዚያ ዲስክ የሚፈትሽ፣ ቦታ የሚያጸዳ፣ የተቋረጠ የጥቅል ተከላ የሚያስተካክልና ሙሉ ሥልጣን ወዳለው ሩት ተርሚናል የሚያስገባ ዝርዝር ያቀርባል። እድሳት መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ከዚህ የተሻለ የለም። ከዝርዝሩ «ቀጥል» የሚለውን መርጠው ወደ ዴስክቶፕ የገቡ ሰዎች ግን ስክሪኑ ግዙፍና ዘገምተኛ ሆኖ ሲያዩት «አሁንም አልዳነም» ይላሉ። ያ የኖሞድሴት ጠባይ ነው፤ አንድ ጊዜ በወጉ ዳግም አስነሥተው ይፍረዱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አራተኛ አማራጭም አለ፣ እኔም ከማገገሚያ ሁነታው አስበልጠዋለሁ። በዚያው በግሩብ የሊኑክስ መስመር መጨረሻ ላይ «3» የሚለውን ቁጥር ብቻውን ከክፍት ቦታ በኋላ ይጨምሩ። ኮምፒውተሩ የመግቢያ ገጹን ትቶ በጽሑፍ ሰሌዳ ይነሣል፣ የኬብል ኔትወርክም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ድራይቨር ከኢንተርኔት ለማውረድ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድራይቨሩ ራሱ የሚያጨልም ከሆነ ኖሞድሴትንና 3ን አንድ ላይ መጻፍ ይቻላል።

በየትኛውም መንገድ ተርሚናል ላይ ከደረሱ የመጀመሪያው ትእዛዝ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 ይሁን። ያለፈውን ያልተሳካ ማስነሻ መዝገብ ያወጣል፤ መጨረሻው ላይ -ፒ ኢአር ቢጨመር ስሕተቶቹን ብቻ ያሳያል። የካርድዎ ስም ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ገና ምንም ሳይነካ የተነበበ መዝገብ ከብዙ ግምት ያድናል።

ድራይቨር፦ ነፃው ወይስ የአምራቹ?

የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ይህን ክፍል በፍጥነት ይለፈው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ነው፤ ምርጫም የለም። የኤኤምዲ ስክሪን ከጨለመ የሚጠረጠረው የጎደለ የካርዱ ፈርምዌር (ካርዱ ሥራ ሲጀምር የሚጫንለት ፋይል) ነው፣ በተለይ ካርዱ ከሊኑክሱ እትም በኋላ የተሠራ ከሆነ። አሮጌ ዴቢያን ላይ ይህ የተለመደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ነፃ ያልሆነው ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ ተካቷል። ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑ ካልጠፋ ግን እየተርገበገበ ካስቸገረ አይ915 ነጥብ ኢኔብል_ፒኤስአር እኩል ይሆናል 0 የሚለውን ለአንድ ጊዜ ይሞክሩ፤ ስክሪኑ ራሱን የሚያድስበትን የባትሪ ቁጠባ ስልት ያጠፋል።

ንጽጽሩ የሚከረው በኤንቪዲያ ላይ ነው። ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስለሚገኝ ከከርነል እድሳት ጋር አይጣላም፣ የመነሻ ሥዕሉም ገና ከጅምሩ ጥርት ብሎ ይመጣል። ድክመቱ ጉልበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በወጡት የማክስዌል ሁለተኛ ትውልድና የፓስካል ካርዶች ላይ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ለማድረግ የአምራቹ ፊርማ ያለበት ፈርምዌር ስለሚያስፈልግ ካርዱ በዝቅተኛ ፍጥነት ታስሮ ይቀራል። ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ያሉት ካርዶች በከርነል 6.7 ላይ ከዚህ እስራት መላቀቅ ጀምረዋል። የአምራቹ ድራይቨር በበኩሉ ካርዱን በሙሉ አቅሙ ያሠራል፣ ግን ከከርነሉ ውጭ ያለ ስለሆነ በእያንዳንዱ የከርነል እድሳት እንደገና መገጣጠም አለበት። መገጣጠሙ ሲከሽፍ ነው «ትናንት ደህና ነበር» የሚባለው ጥቁር ስክሪን የሚመጣው። ድራይቨሩ መገጣጠሙን በሚያካሂደው ዲኬኤምኤስ በኩል የተጫነ ከሆነ ዲኬኤምኤስ ስታተስ የሚለው ትእዛዝ ለየትኛው ከርነል እንደተገጣጠመ ያሳያል፤ የአሁኑ ከርነል ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ወንጀለኛው ተያዘ።

የአምራቹ ድራይቨር ራሱ አሁን ሁለት ዓይነት ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 የከርነል ሞጁሎቹን ክፍት ምንጭ አድርጎ ለቀቀ። እነዚህ የሚሠሩት ለቱሪንግና ከእሱ በኋላ ለመጡት ካርዶች ነው፤ የብላክዌል ትውልድ ደግሞ ከክፍቶቹ ውጭ አይቀበልም። ፓስካል ላይ ክፍቱን የጫነ፣ ብላክዌል ላይ ዝጉን የጫነ ሰው ሁለቱም ጥቁር ስክሪን ያገኛሉ። ስለዚህ ካርዱን ኤልኤስፒሲአይ በሚለው ትእዛዝ ሳያዩ ጥቅል አይምረጡ። ኡቡንቱ ላይ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ የሚለው መሣሪያ ተስማሚውን ስለሚጠቁም ከአምራቹ ገጽ በእጅ ከማውረድ እሱን አስቀድማለሁ። በእጅ የተጫነ ድራይቨር ጥቅል አስተዳዳሪው ስለማያውቀው ለማስወገድ ያስቸግራል።

ሴኪዩር ቡት (ፊርማው ያልታወቀ ፕሮግራም በማስነሻ ጊዜ እንዳይጫን የሚከለክለው የፈርምዌር ጥበቃ) የበራበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ይጠይቅዎታል። ዳግም ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማንኛውንም ቁልፍ እንዲጫኑ ይጠይቃል፤ 10 ሰከንድ ቆጥሮ ዝም ካሉት ያልፋል። ቡና ሊቀዳ የተነሣ ሰው አያየውም። የድራይቨሩ የፊርማ ቁልፍ ስላልተመዘገበ ከርነሉ ድራይቨሩን አይቀበልም፣ ስክሪኑም ይጨልማል ወይም በዝቅተኛ መጠን ይመጣል። ሁለት ምርጫ አለ፦ ምዝገባውን መድገም ወይም ሴኪዩር ቡትን በፈርምዌሩ ውስጥ ማጥፋት። ብዙዎች ሁለተኛውን ይመክራሉ፣ ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን ምዝገባው ደቂቃ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ጥበቃውን መጣል አይታየኝም። ከሌላ ስርዓተ ክወና ጋር በአንድ ዲስክ የሚኖሩ ከሆነና ያኛው ዲስኩን የቆለፈ ከሆነ ደግሞ ሴኪዩር ቡትን መነካካት የመክፈቻ ቁልፍ እንዲጠየቁ ሊያደርግ ይችላል።

አርማው አልፎ የመግቢያ ገጹ ሲቀር

ከሁሉ በፊት ዲኤፍ -ኤች። የሞላ ዲስክ የመግቢያ ገጹን ያስቀራል፣ ወይም የይለፍ ቃል ተቀብሎ እዚያው ገጽ ላይ መልሶ ይጥላል። ይህን ሳያዩ ጂዲኤምን እንደገና የሚጭኑ ሰዎች ለጥቅሉ የሚሆን ቦታ እንኳ አያገኙም።

ቦታ ካለ ሁለት አማራጮች ይወዳደራሉ። አንዱ ዌይላንድን አጥፍቶ በኤክስኦርግ መግባት ነው፤ ሁለቱም መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ስርዓቶች ሲሆኑ የቀደመው ኤክስኦርግ ነው። ጂዲኤም ከስተም በተባለው የማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ዌይላንድኢኔብል የሚል መስመር አለው፤ ፊት ለፊቱ ያለው የአስተያየት ምልክት ሲነሣና ዋጋው «ፎልስ» ሲሆን ወደ ኤክስኦርግ ይዞራል። በአሮጌ የኤንቪዲያ ድራይቨር ይህ ተአምር የሚሠራ ይመስል ነበር። አሁን ግን መንገዱ እየተዘጋ ነው፤ ኡቡንቱ 25.10 እና ፌዶራ 43 የኖም ዴስክቶፕን በዌይላንድ ብቻ ያቀርባሉ። ሌላው አማራጭ ጂዲኤምን በላይትዲኤም መተካት ነው። ላይትዲኤም ቀላል ስለሆነ ጂዲኤም በወደቀበት ይነሣል፤ በኖም ዴስክቶፕ ላይ ግን ስክሪን መቆለፍን የመሰሉ ነገሮች ስለሚጎድሉ ለዘለቄታው አልመርጠውም። ለአንድ ሳምንት መሻገሪያ ይሆናል።

የሠራውን ማጽናት

ግሩብ ላይ ለአንድ ጊዜ የተሞከረው ከሠራ በቋሚነት የሚጻፈው ኢቲሲ ሥር፣ ዲፎልት ውስጥ ባለው «ግሩብ» በተባለ ፋይል ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ከዚያ በኋላ አፕዴት-ግሩብ መታዘዝ አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው ፋይሉ ተቀይሮ ኮምፒውተሩ አለመቀየሩ ያስገርመዋል። ፌዶራ ላይ ግረቢ የሚባለው መሣሪያ ለሁሉም ከርነሎች በአንድ ትእዛዝ ይጽፋል። በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ያድርጉ። አምስት አማራጭ ደርድሮ የተነሣ ኮምፒውተር የትኛው እንዳስነሣው አይናገርም።

እንደ አዲስ መጫን

በመነሻ ስክሪን ምክንያት እንደ አዲስ መጫን የሚያስፈልግበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚመርጠው ሰልችቶት ነው። ለመወሰን በፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ ያዘጋጁ። ፍላሹ ዴስክቶፑን ካሳየ ካርዱ ደህና ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለው ተከላም ከፍላሹ ላይ ሆኖ በክሩት (ዲስኩ ላይ ወዳለው ስርዓት በሚያስገባው ትእዛዝ) ገብቶ ሊጠገን ይችላል፤ ቢያንስ ፋይሎችዎን ያወጡበታል። ለመጫን ከቆረጡ ደግሞ ሆም፣ ማለትም የግል ፋይሎችዎ ማውጫ፣ ለብቻው ክፍልፋይ ካለው ጫኚው ፎርማት እንዳያደርገው ምልክቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ፍላሹም ከጨለመ ግን ያንኑ እትም ዲስኩ ላይ መድገም ያንኑ ጥቁር ስክሪን መድገም ነው፤ አዲስ ከርነል የያዘ እትም ፍላሹ ላይ ጭነው ይሞክሩ፣ እሱም ከጨለመ ካርዱን ወይም ስክሪኑን በሌላ ይቀይሩና ይፈትሹ።